ልጄ በክፍሏ አራተኛ ናት፤ ሞዴል ፈተናው ላይ ግን በሒሳብ ከግማሽ በታች አመጣች

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም መምህር። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። አንደኛ ክፍል የገባችው በ2012 ነው፤ እስካሁን የግል ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። በመጀመሪያው መንፈቅ አማካይዋ 89 ነበር። ከ41 ልጆች አራተኛ ወጣች። ባለፈው ሳምንት ግን የተለያዩ ትምህርት ቤቶች በጋራ የወሰዱት ሞዴል ፈተና ነበር። እያንዳንዱ ትምህርት 50 ጥያቄ፣ 1 ሰዓት፣ ሁሉም ምርጫ። ሒሳብ 23፣ አካባቢ ሳይንስ 26፣ አማርኛ 31፣ እንግሊዝኛ 39 አመጣች። ሒሳብና ሳይንስን ከታች ጀምሮ የተማረችው ትምህርት ቤቱ በሚያስገዛን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ፈተናው ግን በአማርኛ ነው የመጣው። ባለቤቴ ትምህርት ቤቱ ሲያታልለን ኖሯል ይላል። እኔ ሰንፋ ነው ብዬ ተቆጣኋት፤ ስታለቅስ አደረች። ጎረቤቴ አስጠኚ ቅጠሪላት ትለኛለች። ክልላዊው ፈተና ሊደርስ አራት ወር ቢቀረው ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አራቱንም ውጤት ለየብቻ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ወላጅ የሚጽፍልኝ አማካዩን ብቻ ነው። አማካይ ደግሞ የልጅን ችግር ይሸፍናል። የልጅዎን አራት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያቸው ግን አንድ ነገር ወዲያው ታየኝ። እንግሊዝኛ ላይ 39 ያመጣች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ስለዚህ የቁጣውን ነገር ዛሬ ማታ ይጨርሱት። «ያለ ነገር ነው የተቆጣሁሽ» ቢሏት ምንም አይጎድልብዎትም። ከዚህ በታች የምነግርዎትን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት። ሆዷ ከባሰው ልጅ ጋር ደግሞ ምንም መሥራት አይቻልም።

እኔ የምጠረጥረው ንባቧን ነው። የአማርኛ ንባቧን። ለምን እንደጠረጠርኩ ላስረዳዎት፤ ከዚያ እቤትዎ ራስዎ የሚያረጋግጡበትን መንገድ አሳይዎታለሁ።

መጀመሪያ ግን 89 እና 23 እንዴት ከአንድ ልጅ ሊወጡ ቻሉ የሚለውን እንይ። ባለቤትዎን ያናደደው እሱ ነውና።

የክፍል ውጤት ከብዙ ነገር የሚጠራቀም ነው። የቤት ሥራ አለ፣ የቡድን ሥራ አለ፣ ደብተር አያያዝ አለ፣ ተሳትፎ አለ፣ ሚድ አለ፣ ፋይናል አለ። ፋይናሉን የሚያወጣው ያስተማራት መምህር ነው። የሚያወጣው ራሱ ካስጻፈው ኖት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከፈተናው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የክለሳ ሺት ይሰጣል። ሺቱን በቃሏ የያዘች ልጅ 90 ታመጣለች። ይህን በሩቅ ሰምቼ አይደለም የምነግርዎት። እኔም ከማስተማሪያ ኮሌጅ እንደወጣሁ እንዲሁ ነበር የማደርገው። ልጆቼ 85 እና 90 ሲያመጡ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ኖቱ ላይ ያለውን የሒሳብ ጥያቄ እንዳለ ወስጄ ብርቱካኑን ወደ እንቁላል፣ 12ን ወደ 15 ቀየርኩት። የክፍሉ ግማሽ ወደቀ። ያን ቀን ነው ያስተማርኩትና የፈተንኩት የተለያየ መሆኑ የገባኝ።

«አራተኛ» የሚለው ደረጃም ቢሆን የሚነግርዎት ሦስት ልጆች ከፊቷ፣ 37 ልጆች ከኋላዋ መሆናቸውን ብቻ ነው። ክፍሉ በሙሉ የት ላይ እንደቆመ አይናገርም።

የጋራ ፈተና ግን ሌላ ነው። የሚወጣው ከቢጋር ነው። ቢጋር ማለት ከየትኛው ምዕራፍ ስንት ጥያቄ፣ ስንቱ የማስታወስ፣ ስንቱ የመረዳት፣ ስንቱ የመተግበር እንደሚሆን አስቀድሞ የሚወስን ሠንጠረዥ ነው። ጥያቄ አውጪው የልጅዎን ደብተር አያውቀውም። የመምህሯን አባባልም አያውቀውም። መነሻው የትምህርቱ ዓላማ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ውጤቶች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለክተዋል። ማታለል የሚለው ቃል እኔ ይከብደኛል። አብዛኛው መምህር ውጤት የሚያበዛው ሊዋሽዎት ብሎ አይደለም። 60 ሲሰጥ ወላጅ መጥቶ ይጮኻል፤ ዳይሬክተሩ ይጠራዋል። ትምህርት ቤቱም ተማሪ እንዳይሄድበት ይፈራል። ጥፋት የለም አልልም። ጥፋቱ ግን የእኛ የወላጆችም አለበት።

አሁን ወደ 23 እንሂድ። ይህን ቁጥር ቀዝቀዝ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ባለ አራት ምርጫ ፈተና ላይ ምንም የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ቢያጠቁር ከአራት አንዱን ያገኛል። ከ50 ጥያቄ 12 ወይም 13 ማለት ነው። አሁን እንዲህ እናስብ። ልጅዎ በእርግጠኝነት የምታውቀው 14 ጥያቄ ቢሆንና የቀሩትን 36 ብትገምት፣ ከ36ቱ 9 ያህሉ ይሆኑላታል። 14 እና 9፣ 23። ስለዚህ ያለ ጥርጥር የሠራችው ከ14 ብዙም ላይርቅ ይችላል። ባዶ የተወችው ጥያቄ ካለ ሒሳቡ ይለወጣል፤ እሱን ይጠይቋት። መራራ ነገር ነው የነገርኩዎት፤ ግን ማወቁ ይጠቅምዎታል።

ሌላም አለ። ያው ልጅ፣ ያው ዕውቀት፣ ሌላ ቀን ተመሳሳይ ፈተና ብትወስድ 20ም 26ም ልታመጣ ትችላለች። እንዲህ ባለ ፈተና ላይ ሦስት አራት ጥያቄ ወዲያና ወዲህ ማለት የተለመደ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ 26 አመጣች ብለው አያወዳድሩ። በ23 እና በ26 መካከል የሚነገር ልዩነት የለም። በ23 እና በ39 መካከል ግን አለ። የልጅዎ ነገር ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ባለቤትዎ ይህንንም ይስሙልኝ። ልጃችሁ ብቻዋን አይደለችም። አገራችን የአራተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን በናሙና መመዘን የጀመረችው በ1992 ዓ.ም. ነው። ያኔ የአራተኛ ክፍል አማካይ ከመቶ 47.9 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ 48.5 ሆነ። በሦስተኛው ዙር ወደ 40.9 ወረደ። የትምህርት ፖሊሲው ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው 50 ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 13 ሺህ የሚሆኑ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ ተጠርተው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንብቡ ተባሉ። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ስለታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። እኔ ግን የ2002ቱን ቁጥር ነው ያስታወስኩት። ያ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም። ሥሩ ሁለተኛ ክፍል ነው።

የእርስዎ ልጅ ደግሞ አንደኛ ክፍል የገባችው በ2012 ነው ብለዋል። ፊደል አጣርታ ቃል መግጠም ልትጀምር ስትል መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። እስኪከፈት ዓመት ተለወጠ። ከዚያ ሁለተኛ ክፍል ሆነች። በአንደኛ ክፍል የቀረውን ንባብ ተመልሶ ያስጨረሳት ማን ነው? ማንም። ታች ክፍል ላይ ልጅ ቢችልም ባይችልም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን የትምህርቱ ቀን ስንት ጊዜ እንደተቆራረጠ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

የንባብን ነገር ያስተማረኝ አንድ ልጅ ነው። በጀልባ የሚደረስበት፣ ሐይቁ ዳር ያለ ትምህርት ቤት ሳስተምር ነበር። ልጁ አምስተኛ ክፍል ነበር። ጠዋት ጠዋት ከአጎቱ ጋር ዓሣ ይሸጣል። አምባዛ አንስቶ በእጁ መዘን አድርጎ ዋጋ ይጠራል። ሦስት ዓሣ በተለያየ ዋጋ ገዝተው ሁለት መቶ ብር ቢሰጡት መልሱን ሳይሳሳት ይቆጥርልዎታል። የሒሳብ ፈተናው ግን ሁሌ ከ20 አራት፣ ከ20 ሦስት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ አራት፣ ሦስት እያልኩ ሰጠሁት። አንድ ቀን ፈተና ላይ ፊቱን አየሁት። ጣቱን ጥያቄው ላይ አድርጎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አንዲት መስመር ላይ ቆሟል። ጠጋ አልኩና ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ትርፍ የሚጠይቅ ነበር። አንብቤ ሳልጨርስ መልሱን ነገረኝ። ሁለተኛውን አነበብኩለት። መለሰ። ሦስተኛውንም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰጠሁት ውጤት የሒሳብ ውጤት አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጅዎ ማንበብ አትችልም እያልኩ አይደለም። አማርኛ 31 አምጥታለች። ግን ማንበብ መቻልና ለፈተና የሚበቃ ንባብ ማንበብ ይለያያሉ። ሒሳቡን ይዩት። 50 ጥያቄ በ1 ሰዓት ማለት ለአንዱ ጥያቄ 72 ሰከንድ ነው። 35 ቃል ያለው የቃላት ሒሳብ መጣ እንበል። በደቂቃ 40 ቃል የምታነብ ልጅ ጥያቄውን ለማንበብ ብቻ 52 ሰከንድ ይፈጅባታል። ለማሰብ፣ ለመሥራትና ለማጥቆር 20 ሰከንድ ይቀራታል። በደቂቃ 90 ቃል የምታነብ ጓደኛዋ 23 ሰከንድ አንብባ 49 ሰከንድ ይተርፋታል። ሁለቱም እኩል ሒሳብ ቢችሉ እንኳ ውጤታቸው አይገናኝም። ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከጭንቅላቱ ወጥቷል።

አማርኛችን በዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። ፊደሎቻችን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ብዙ ልጅ የሚማራቸው በዜማ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ይወርዳል። ከመስመሩ አውጥተው «ይህ ማን ነው?» ሲሉት ከመጀመሪያው ጀምሮ ቆጥሮ ነው የሚደርስበት። የድሮ የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር። ሀ ሁን የጨረሰ ልጅ አቡጊዳ የሚገባው ለዚህ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቀጥሎ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። ቅደም ተከተሉ ስለተበተነ በዜማ መሸምደዱ አያዋጣም፤ ፊደሉን በመልኩ ማወቅ ግድ ነው። እኛ ዘመናዊ ነን ብለን አቡጊዳን ተውነው፤ በምትኩ ያስገባነው ነገር ግን ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ የለም።

ከፊደል በላይም አለ። «የሚሆነው የቱ ነው?» እና «የማይሆነው የቱ ነው?» የሚሉትን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ልዩነቱ «ሚ» እና «ማይ» ነው። ጥያቄው ተገለበጠ፤ በዓይን ግን የሚታየው ለውጥ ይህን ያህል ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ፊደልና በመጨረሻው ፊደል እየገመተች የምታነብ ልጅ «የማይሆነው»ን «የሚሆነው» ብላ ታልፋለች። የመጀመሪያውን ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ታገኝና ታጠቁራለች። በሞዴል ፈተናዎች ላይ ልጆች በብዛት የሚወድቁባቸውን ጥያቄዎች ስመረምር «ያልሆነው»፣ «የማይካተተው»፣ «በስተቀር» ያለባቸው ሁልጊዜ አሉበት። መጥበቅና መላላትም አይጻፍም። «ይበላል» የሚለው ይበላል ይሁን ይበላል፣ በሊው ይሁን ተበሊው፣ የሚታወቀው ከዙሪያው ካሉት ቃላት ነው። እየተንተባተበ የሚያነብ ልጅ ዙሪያውን አያይም።

እንግዲህ ዛሬ ወይም ነገ ማታ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ይህን ያድርጉ። በአማርኛ የተጻፈ የአምስተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ይዋሱ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር የጎረቤት ልጅ አይጠፋም። አንብባው የማታውቀውን ገጽ ይክፈቱላት። ስልክዎ ላይ አንድ ደቂቃ ይሙሉ። ጮክ ብላ ታንብብ። እርስዎ አያርሟት፤ የሳተችውን በሌላ ወረቀት ጭረት ያድርጉ። ደቂቃው ሲሞላ የደረሰችበትን ቃል በእርሳስ ምልክት ያድርጉና በትክክል ያነበበችውን ይቁጠሩ። ከዚያ መጽሐፉን ይዝጉና «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቋት። ቁጥሩን ያስቀምጡት፤ በኋላ ይፈልጉታል። ከቁጥሩ እኩል ግን ድምፅዋን ይስሙ። ቃሉን በአንድ ትንፋሽ ትለዋለች ወይስ ፊደል በፊደል ትገጣጥማለች? አራት ነጥብ ላይ ትቆማለች ወይስ ዘላ ትሄዳለች?

ሁለተኛው ከዚህም ይበልጣል። የሒሳብ ሞዴል ፈተናውን ወረቀት ያውጡና ከተሳሳተቻቸው ውስጥ አሥሩን ይምረጡ። መልሱን አይንገሯት። አሥሩንም እርስዎ በአማርኛ ረጋ ብለው ያንብቡላት፤ እሷ ወረቀቱን አትይ። የመለሰቻቸውን ለይተው ያስቀምጡ። ያልመለሰቻቸውን ደግሞ ቃላቱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ እንዲጠይቃት ታላቅ ወንድሟን ወይም አባቷን ያድርጉ። እንደገና የመለሰቻቸውን ለዩ። አሁን ሦስት ክምር አለዎት። ሲነበብላት የመለሰችው የንባብ ችግር ነው። በእንግሊዝኛ ሲነገራት የመለሰችው የቃል ችግር ነው። በሁለቱም ያልመለሰችው ሒሳቡ ራሱ ነው።

የቃሉ ችግር የሚያስገርም አይደለም። የእንግሊዝኛውን «ኑመሬተር» እና «ዲኖሚኔተር» አምስት ዓመት የለመደች ልጅ ፈተና ላይ «ላዕል» እና «ታህት» ሲመጣባት ምን ታድርግ? ክፍልፋዩን ትችላለች። ስሙን ነው የማታውቀው። ትንሹ የጋራ ብዜት፣ ትልቁ የጋራ አካፋይ፣ ዙሪያ፣ ስፋት፣ ድብልቅ ቁጥር፣ እነዚህ ለእሷ አዲስ አገር ናቸው። የክልላችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ እዚህ በአማርኛ፣ በአዊ በአዊኛ፣ በዋግ በኽምጠኛ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአፋን ኦሮሞ። የግል ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ እናስተምራለን ሲሉ ወላጅ ደስ ይለዋል። እኔ እንግሊዝኛ አልጠላም። ግን ልጁ የሚፈተንበትን ቋንቋ ሳያስይዙ በሌላ ቋንቋ ማስተማር ልጁን ይበድላል። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም።

የተሳሳተ መልስ ራሱ ደግሞ ይናገራል። ወላጆች ኤክሱን አይተው ያልፋሉ። እባክዎ አይለፉት። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት፤ እኔ ያወጣሁት ነው። «አንዲት ጀልባ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ 36 ሰዎችን ጫነች። ከተሳፋሪዎቹ ሁለት ሦስተኛዎቹ ሴቶች ናቸው። ስንት ወንዶች አሉ?» ምርጫዎቹ፦ ሀ 34፣ ለ 24፣ ሐ 12፣ መ 54። መልሱ ሐ ነው። አሁን የተሳሳቱትን እንያቸው። «ለ»ን የመረጠች ልጅ ክፍልፋይ ትችላለች። ሴቶቹን አስልታ 24 አገኘች፤ ከዚያ ቆመች። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በደንብ አላነበበችም። «ሀ»ን የመረጠችው ከ36 ላይ 2 ቀንሳለች። ጥያቄው አልገባትም፤ ያየችውን ቁጥር ከያዘችው ቁጥር ላይ አነሳች። «መ»ን የመረጠችው ላዕልና ታህቱን ገልብጣለች፤ 36 ሰው በጫነች ጀልባ ላይ 54 ወንድ እንደማይኖርም ልብ አላለችም። ሦስቱም ኤክስ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ለየቅል ነው። «ለ»ን የመረጠችውን ቁጭ አድርጎ ክፍልፋይ ከመጀመሪያው ማስተማር ጊዜዋን መግደል ነው።

አስጠኚ ይቀጠር ወይስ አይቀጠር የሚለውን እዚህ ላይ ልመልስልዎት። ሦስቱን ክምር ሳያዩ አይቅጠሩ። ከተማችን ውስጥ የማውቃቸው ጎበዝ አስጠኚዎች አሉ። ብዙው ግን የሚያደርገው የክፍሉን ሥራ መድገም ነው። ሺት ያመጣል፣ ያሠራል፣ መልሱን ያርማል፣ ይሄዳል። ልጅዎ ሺት አልጎደላትም። ሦስተኛው ክምር ትልቅ ከሆነ፣ ማለትም ሒሳቡ ራሱ ከሆነ፣ ያኔ አስጠኚ ያስፈልጋታል። ሲቀጥሩትም «ለስድስተኛ ክፍል አስጠናልኝ» አይበሉት። «የጠፋት የአራተኛ ክፍል ክፍልፋይ ነው፤ ከዚያ ጀምር» ይበሉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክምሮች ከሆኑ ግን እርስዎና ባለቤትዎ ትበቃላችሁ።

ለንባቡ በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ጮክ ብላ፣ በአማርኛ። ከዚያ አይብለጥ፤ ከበዛ ትሰለቻለች። የመጀመሪያውን አንቀጽ እርስዎ ያንብቡ፣ እሷ ትከተል፤ ቀጥሎ ያንኑ አንቀጽ እሷ። ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ። አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ ለልጅ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ምላስ የሚፈታው እሱ ነው። ታናሽ ካላት ለታናሿ ታንብብለት። ትልቅ ሰው ፊት የምትንተባተብ ልጅ ሕፃን ፊት ዘና ትላለች። የምታነበው ነገር ተረትም ይሁን፣ የሳይንስ መጽሐፍም ይሁን። ብቻ ግማሹ ከመማሪያ መጽሐፍ ይሁን፤ የፈተና አማርኛ የተረት አማርኛ አይደለምና።

ለቃሉ አንድ ቀጭን ደብተር ለሁለት ይክፈሉላት። በግራ የምታውቀው እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛው። በቀን አምስት ቃል። ከአማርኛው የመንግሥት መጽሐፍ እያወጣች ራሷ ትጻፍ። በሁለት ወር ውስጥ የሒሳቡም የሳይንሱም አብዛኛው ያልቃል። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ውጤቱ ላይም ቶሎ የሚታየው እሱ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ሞዴል ፈተና በየሦስት ሳምንቱ አንድ ይበቃታል። አንዱን ፈተና ሠርታ የተሳሳተችውን ሁለት ቀን ብትመረምር፣ አምስት ፈተና በላይ በላዩ ከመሥራት ይሻላታል። የመልስ ወረቀት አጠቋቆርም ያለማምዷት። አንድ ጥያቄ ዘልላ የመልሱን መስመር ሳትዘል የቀረች ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፍባታል። ይህ በየዓመቱ ይገጥመኛል። በየአሥሩ ጥያቄ ቆም ብላ የጥያቄውን ቁጥርና የመልሱን ቁጥር ታስተያይ። ጊዜ ሊያልቅ ሲል ባዶ የቀረ ካለ ትሙላው፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስታነብ «ያል»፣ «የማይ» እና «በስተቀር» የሚሉትን በእርሳስ ታስምርባቸው።

ከአራት ሳምንት በኋላ ያንን የአንድ ደቂቃ ንባብ በሌላ አዲስ ገጽ ይድገሙት። መጀመሪያ ያስቀመጡት ቁጥር የሚያስፈልግዎት ያኔ ነው። ከ45 ወደ 60 ከሄደች ይንገሯት፤ ግድግዳ ላይም ይለጥፉላት። ደረጃና ውጤት የሌሎችን ልጆች ሥራም ይይዛል። ይህ ቁጥር ግን የራሷ ብቻ ነው። ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ዓይኗን ያስመርምሩ። ሰሌዳው አይታይም ብላ ያልተናገረች፣ መነጽር ካደረገች በኋላ ሌላ ልጅ የሆነች ተማሪ ነበረችኝ።

ትምህርት ቤት መቀየሩን አሁን አያስቡት። የካቲት ላይ ልጅ አይነቀልም፤ መምህሯንም ጓደኞቿንም በአንድ ጊዜ ታጣለች። ይልቅ በሚቀጥለው ሳምንት ባለቤትዎን ይዘው የሒሳብ መምህሯን ያነጋግሩት። ክስ ይዘው አይሂዱ። አሥሩን ጥያቄና ሦስቱን ክምር ይዘው ይሂዱ። አሳዩትና እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «እነዚህን ስናነብላት መለሰች፣ እነዚህን በእንግሊዝኛ ስንነግራት መለሰች። ከዛሬ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ስታስተምር ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ልትጽፍላቸው ትችላለህ?» መምህሩ ከተስማማ 41ዱም ልጆች ይጠቀማሉ።